ጳጉሜን ወር ናት ብዬ የረታሁ ዕለት

ይህ የሆነው ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ድሬዳዋ አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ነው። ነሐሴ አልቆ ጳጉሜን በገባች ቁጥር ይታወሰኛል። ሌላው ሰው በጳጉሜን ዝናብ ይጠመቃል፣ ጠበል ይወርዳል፣ ያለፈውን ዓመት ከላዩ ያጥባል። እኔ አንድ ክርክር አስታውሳለሁ።

በዚህ ዓምድ የሚወጡትን ገጠመኞች አዘውትሬ አነባለሁ። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች በአንድ የማያውቁት ሰው ደግነት ተደንቀው፣ ወይም ከአደጋ ተርፈው፣ ፈጣሪያቸውን አመስግነው ይጨርሳሉ። የእኔ እንዲህ ያለ ፍጻሜ የለውም። ከአንድ የስፖርት ማኅበር አባልነቴን ለመሰረዝ ስጠይቅ፣ አስቀድሞ ማስታወቅ በሚገባው ጊዜ ላይ አለመግባባት ተነሣ። ተከራከርኩ፤ ረታሁ። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው። እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣበትን ምክንያት ለማስረዳት ግን ከመጀመሪያው መነሣት አለብኝ።

ከባሕር ማዶ ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ፣ አብረውኝ የተማሩት ወንዶች አዲስ አበባ በየሚኒስቴሩ ወንበር ተደላደሉ። እኔን «ለሴት ማስተማር ይበቃታል» ብለው ወደ ድሬዳዋ ላኩኝ። ይህን የተናገረውን ሰው ስም አልጠቅስም። ዛሬም በሕይወት አለ፤ ዛሬም ዐረፍተ ነገሮቹ እንዲሁ አጫጭር ናቸው።

ከልጅነቴ ጀምሮ ወገቤን ያመኛል። በድሬዳዋ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ቆሞ ማስተማር ሲጨመርበት ሕመሙ ባሰ። የመረመረኝ የውጭ አገር ሐኪም መድኃኒት አልሰጠኝም። «አንቺ ጂምናስቲክ ሥሪ» አለኝና ወደሚቀጥለው በሽተኛ ዞረ።

ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ሳይርቅ፣ የውጭ አገር ሰዎችና የከተማው ታላላቆች በጋራ ያቋቋሙት የስፖርት ማኅበር ነበር። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ረጅም አዳራሽ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ ገመዶች፣ በግድግዳው የተመቱ የእንጨት መሰላሎች፣ በቆዳ የተለበጡ ፍራሾች። ሕዝቡ «ጂምናስቲክ ቤት» ይለዋል። ሴቶች በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሰዓት በኋላ እንገባ ነበር። የምታሠራን ማዳም አራክሲ የምትባል ጎልማሳ አርመናዊት ነበረች። ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ሁሉንም «አንቺ» ትላለች። እርሷን ላርማት አልቻልኩም፤ እርሷ ወገቤን ታርም ነበርና።

የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ዩሱፍ ይባላል። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ በሚባለው ሰፈር ያደገ የሐረሪ ልጅ ነው። በቤቱ የሐረሪን ቋንቋ፣ በገበያ ሶማሊኛ፣ ከአትክልት ሻጮቹ ጋር ኦሮምኛ፣ በጽሕፈት ቤቱ ፈረንሳይኛ ይናገራል። አማርኛው የእነዚህ ሁሉ ልጅ ነበር። ለመመዝገብ የሄድኩ ዕለት ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣

«አንቺ፣ ስምሽ ማነው?» አለኝ።

«እርስዎ ይባላል» አልኩት።

ቀና አለ። «ማነው እርስዎ?»

«እኔ።»

ሳቀ። «አቦ፣ እዚህ አገር እርስዎ የሚባል ሰው እኮ የለም» አለ። ከዚያ ግን ብዕሩን አስተካክሎ ያዘ፤ ፊቱንም እንደ ዳኛ አኮሳተረ። «እሺ። ስምዎ ማን ይባላሉ?»

ይህንንም አረምኩት።

እውነቱን ነበር። ድሬዎች ዳኛውንም ሐኪሙንም «አንተ» ብለው ይጠሩታል፤ ማንም አይቀየምም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ከጉምሩክ ሹመት በጡረታ የተገለሉ አንድ ግራዝማች ነበሩ። አቶ ዩሱፍ በሙሉ ጉባኤ ፊት «አንተ ግራዝማች፣ ትላንት ምን ሆነህ ቀረህ?» ሲላቸው ሰምቻለሁ። እርሳቸውም «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ብለው በትሕትና መለሱለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በማኅበሩ ውስጥ አቶ ዩሱፍ «እርስዎ» የሚለው ሰው እኔ ብቻ ሆንኩ። ያኔ እንደ ክብር ቆጠርኩት።

በዚያው ዓመት ክረምት ማዘጋጃ ቤቱ የማኅበሩ ደንብ በአማርኛ ተጽፎ እንዲቀርብ አዘዘ። ደንቡ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ትርጉሙን እኔ ተቀበልኩ። አቶ ዩሱፍም አሠራሩን የሚያውቅ እርሱ ስለሆነ አብሮኝ እንዲሠራ ተመደበ። ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ አወጣ። ፀሐይዋ ስትበርድ እንጀምርና ፊደሉን መለየት እስኪያቅተን እንቀመጣለን።

በማኅበሩ በር ላይ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። በደንቡ መሠረት አስቀድመው ሳያስታውቁ ማኅበሩን የለቀቁ አባላት ስም በዚያ ላይ ይጻፋል። ድሬዳዋ ሰው የሚያልፍባት ከተማ ናት፤ ዛሬ የማኅበሩን ቁልፍ የያዘ ሰው ነገ ጅቡቲ ነው። ስለዚህ ሰሌዳው አስፈላጊ ነበር። የፈረንሳይኛውን ርእስ እኔ «ከሥርዓት ውጭ አባልነታቸውን ያቋረጡ» ብዬ ተረጎምኩት።

«አቦ፣ ይሄማ ከሰሌዳው ይረዝማል» አለ አቶ ዩሱፍ። «ሰውዬው ምን አደረገ? ሳይሰናበት ሄደ። በቃ፣ እንዲያ ይባል።»

ተቀበልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰሌዳው ርእስ «ሳይሰናበቱ የሄዱ» ሆነ። ቃሉ የእርሱ ነው። የአክብሮቱን «ቱ» የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ አባል ስለሚለቅበት አንቀጽ ደረስን። «አባል ማኅበሩን ለመልቀቅ ሲፈልግ አንድ ሙሉ ወር አስቀድሞ ያስታውቃል» ብዬ ጻፍኩ።

«የማን ወር?» አለ አቶ ዩሱፍ።

«እንዴት የማን?»

«እዚህ ከተማ እኮ ሦስት ዓይነት ወር አለ። የባቡሩ የፈረንጅ ወር አለ፣ የእናንተ ወር አለ፣ የኛ የጨረቃዋ አለች።»

«የመንግሥት ወር» አልኩት።

«ጳጉሜንስ?»

«ጳጉሜን ወር አይደለችም። ትርፍ ናት።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ወላሂ ግፍ ነው» አለ። «ደመወዝ የላትም፣ ኪራይ የላትም፣ አሁን ደግሞ እርስዎ መጥተው ወር አይደለችም አሏት። ወር ካልሆነች ስም ለምን አወጣችሁላት?»

«ለመለየት ያህል።»

«አይ፣ እኔ ወር ናት እላለሁ። ባለቤት ከሌላት ደግሞ እኔ ወስጃታለሁ። ምስክሬ እርስዎ ነዎት።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ጳጉሜን ስትገባ ግን በየቀኑ ከሐረር የመጣ ዘይቱን እያመጣ ከወረቀቶቹ አጠገብ ያስቀምጥ ጀመር። ድሬዎች ዘይቱን የሚሉት ውስጡ ቀይ፣ ሽታው ክፍል የሚሞላውን ያንን ክብ ፍሬ ነው። ምክንያቱን ስጠይቀው «በወሬ እንግዳ ሲመጣብኝ ባዶ ጠረጴዛ አላቀርብም» አለ።

አንድ ቀን ማዳም አራክሲ በአጠገባችን ስታልፍ፣ «እናንተ ሁለታችሁ፣ ምን ወሬ አለ?» አለች።

«ወሬማ አጭር ናት፣ ማዳም» አላት። «አምስት ቀን ብቻ።»

እርሷ አልገባትም፤ እየሳቀች ሄደች። እኔ ወረቀቱ ላይ አቀረቀርኩ። የሰዋስው መምህርት ሆኜ «ወሬ» የሚለው ቃል «የእኔ ወር» ማለትም እንደሚሆን ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ቃሉን ሰምቼ እርሱን ያላሰብኩበት ቀን የለም።

የቀረውን አንባቢ ይገምታል። እርሱ የመጋላ ሙስሊም ነው፤ አባቱ መስጊድ ውስጥ የሚከበሩ ሰው ናቸው። የእኔ አባት የደብር አለቃ ነበሩ። በዚያ ዘመን በሁለታችን መካከል የነበረው ርቀት ከደቻቱ አሸዋ የሰፋ ነበር። ስለዚህ ማናችንም ምንም አልተናገርንም። ደንብ እንተረጉም ነበር። ትርጉሙ ካለቀ በኋላም ወደ ጂምናስቲክ በመጣሁባቸው ቀኖች ሁሉ፣ እንቅስቃሴያችንን ጨርሰን ስንወጣ፣ ከኒሙ ሥር የሁለት ሰው ወንበር ወጥቶ አገኝ ነበር።

ዓመቱ እንዲህ ሆኖ አለፈ። በሚቀጥለው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስጠይቀው የኖርኩት የሥራ ዝውውር ደረሰኝ። አዲስ አበባ፣ ከዕውቀቴ ጋር የሚመጣጠን ወንበር። መስከረም ሲጠባ በቦታዬ እንድገኝ ታዟል። ሆኖም በስልክ ያነጋገረኝ ኃላፊ «የሚያቆይዎት ጉዳይ ካለ እስከ ጥቅምት እንታገሥዎታለን» ብሎኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የሚያቆየኝ ጉዳይ እንዳለ የሚነግረኝ ሰው እየጠበቅሁ ነበር።

በነሐሴ የመጨረሻ ቀን የስንብት ማመልከቻዬን ይዤ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገባሁ። አቶ ዩሱፍ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ መልሶ ገፋው።

«አይሆንም» አለ።

«ምኑ?»

«በጳጉሜን መጨረሻ እለቃለሁ ይላል። ደንቡ አንድ ሙሉ ወር ነው። ዛሬ ካስታወቁ እስከ መስከረም መጨረሻ አባል ነዎት። ይመጣሉ፣ ይሠራሉ፣ ከኒሙ ሥር ይቀመጣሉ። ከዚያ መሄድ ይችላሉ።»

«የመስከረምን መዋጮ ከፍዬ ብሄድስ?»

«ክፍያ አይተካውም። ራስዎ ነዎት የጻፉት። ካልሆነ ስምዎ ሰሌዳው ላይ ይወጣል።»

ሰሌዳው የተሰቀለው ተማሪዎቼና ወላጆቻቸው በሚያልፉበት መንገድ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሥርዓት ያስተማርኳቸው ልጆች ስሜን «ሳይሰናበቱ የሄዱ» ከሚለው ሥር ያነባሉ ማለት ነው። ይህን ልታገሥ አልችልም ነበር። ከዚህ የበለጠ ያልታገሥኩት ግን ሌላ ነው።

የሚለኝን ነገር አላወቅሁም ማለት አይደለም። ቃሉን በደንብ ሰምቻለሁ። «አይሂዱ» የሚለውን እጠብቅ ነበር፤ እርሱ «ደንቡ አይፈቅድም» አለኝ። ደንብ ለብሶ የመጣ ልመና ልመና አይደለም ብዬ ፈረድኩ። የሚፈልገውን በስሙ ይጠራው ዘንድ ልገፋው አሰብኩና ከደንቡ ጋር ገጠምኩ።

«ደንቡ ሠላሳ ቀን አይልም» አልኩት። «አንድ ሙሉ ወር ይላል። ጳጉሜን ወር ናት። ነገ ትገባለች፣ በአምስተኛው ቀን ሙሉ ትሆናለች። ስለዚህ አንድ ሙሉ ወር አስቀድሜ አስታውቄአለሁ።»

«አምና ትርፍ ናት አላሉም?» አለ ቀስ ብሎ።

«አምና ያልኩት በደንቡ ውስጥ የለም።»

«እሺ» አለ። «ግራዝማች ይፍረድ።»

ጉባኤው በማግስቱ ተሰበሰበ። አዳራሹ እንደ ምድጃ ስለጋለ ወንበሮቹ ከኒሙ ሥር ወጡ። በዳኝነት የተቀመጡት ሦስት ናቸው። ሊቀ መንበሩ ግራዝማች፣ ሙሴ ኒኮ የሚባል ግሪካዊ ነጋዴ፣ አቶ ዩሱፍ ደግሞ በጸሐፊነት። ማዳም አራክሲ በመስኮቱ ላይ ተደግፋ ትመለከታለች፤ ማንም አልጋበዛትም፣ ማንም ሊያባርራትም አልደፈረም።

ክርክሬን በአጭሩ አቀረብኩ። ሙሴ ኒኮ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ።

«አምስት ቀን!» አለ። «ግራዝማች፣ አንተ ስማ። ይሄ ወር ነው ወይስ ሰርግ? በእኛ አገር እንዲህ የሚባል ወር የለም።»

«በእናንተ አገር የሌለ ብዙ ነገር አለ፣ ሙሴ» አሉ ግራዝማች፤ ጢማቸውን አሻሹ። «የአገራችን ዓመት ዐሥራ ሦስት ወር ነው። ሕፃን ሳለሁ እንዲያ ነው የተማርኩት።»

«እንዲያ ከሆነ» አልኩ፣ «ከዐሥራ ሦስቱ አንዷን ከሥልጣኗ የሚሽራት የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ይነገረኝ።»

ግራዝማች በዚህ ተያዙ። ጳጉሜን ወር አይደለችም ቢሉ በፈረንጅ ፊት የአገራቸውን አቆጣጠር ማሳነስ ሆነባቸው። እንደሚያዙ አውቄ ነበር። ሙሴ ኒኮ ግን የዋዛ ሰው አልነበረም።

«ቆይ» አለ። «ፈረንሳይኛው አንድ ወር ሲል አምስት ቀን ማለት አይደለም። አማርኛው ላይ ማን ጻፈው? ይቺ ጻፈች። ይሄ ጻፈ።» በጣቱ ሁለታችንንም አመለከተ። «ይሄን ጠይቁት። ስትጽፉ ምን አላችሁ?»

ግራዝማች ወደ አቶ ዩሱፍ ዞሩ። «እውነት ነው፣ ዩሱፍ። አብረህ የጻፍክ አንተ ነህ። ያን ጊዜ ስለ ጳጉሜን ተነጋግራችሁ ነበር?»

«ተነጋግረናል» አለ።

«ታዲያ ምን ተባለ? ወር ናት ተባለ ወይስ አይደለችም?»

ከኒሙ ላይ ደረቅ ቅጠል ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ማንሣት አልቻልኩም። የምከራከርበት ነገር ሁሉ በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ነበር። ያልኩትን ቃል በቃል ቢናገር ተረትቻለሁ። ተረትቼ መስከረምን ሙሉ ድሬዳዋ እቆያለሁ፤ ለአዲስ አበባም የሚያቆየኝ ጉዳይ እንዳለ አስታውቃለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መረታትን ተመኝቼ አላውቅም። ፊቴ ግን ይህን አልተናገረም። ፊቴ ምንም እንዳይናገር አሠልጥኜዋለሁ።

አቶ ዩሱፍ አየኝ። የፈለገውን አላገኘም መሰለኝ።

«እኔ ወር ናት ብያለሁ» አለ። «ዛሬም ወር ናት እላለሁ።»

አልዋሸም። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ወር ናት ያለ እርሱ ነበር። እኔ ምን እንዳልኩ ማንም አልጠየቀውም፤ እርሱም አልጨመረ።

«እንግዲህ አለቀ» አሉ ግራዝማች በእፎይታ። «ጳጉሜን ወር ናት። ወይዘሪት በሥርዓት ተሰናብተዋል። ስማቸው ሰሌዳው ላይ አይወጣም።»

ሙሴ ኒኮ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «ከመጪው ዓመት ጀምሮ የሱቄን ኪራይ በጳጉሜን እከፍላለሁ!» ብሎ ተነሣ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ስወጣ አቶ ዩሱፍ እስከ በሩ ሸኘኝ። ከሰሌዳው ሥር ቆምን። በዚያን ሰሞን ሰሌዳው ባዶ ነበር።

«አቦ፣ ረታሽኝ» አለ። «ወሬን ወሰድሽብኝ።»

ከመጀመሪያው ቀን በኋላ «አንቺ» ሲለኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ተሳስቶ እንዳልሆነ ከድምፁ ዐወቅሁ። አላረምኩትም። ያን ጊዜ የምለውን በሁሉም ቋንቋ ፈለግሁ፤ የተመረቅሁባቸው ቋንቋዎች አንዳቸውም አልደረሱልኝም። እርሱ ትንሽ ጠበቀና ወደ ውስጥ ተመለሰ።

በጳጉሜን አባልነቴ የጸና ስለሆነ በሴቶቹ ቀን ሄድኩ። ጠረጴዛው ከኒሙ ሥር ነበር። ዘይቱን አልነበረበትም። የጽሕፈት ቤቱ በር ገርበብ ብሎ የመኪና ጽሕፈት ድምፅ ይሰማል። ሳልፍ ድምፁ ቆመ። ካለፍኩ በኋላ ቀጠለ።

ማዳም አራክሲ ወገቤን ስታቃና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «አንቺ ልጅ» አለችኝ። «ሰውዬው አንድ ወር ጨምሪ ሲልሽ ሕግ የሚያወራ መሰለሽ?»

«ሕግ ነው የጠቀሰው።»

«ኧረ ተይኝ! ይሄን ሁሉ ቋንቋ ትችያለሽ፣ የድሬን ቋንቋ አልቻልሽም። ሂጂ በሩን ግፊው። ተዘግቷል እንዴ?»

አልተዘጋም ነበር። ገርበብ ያለውን በር በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን በክርክር የረታሁት እኔ ነኝ። የረታ ሰው ወደ ተረታው በር ሄዶ ምን ይላል? ይህን ስል ራሴን ልወቅስ አይደለም። የመጣሁበት ዓለም ሴት ልጅን በር ማንኳኳት አላስተማራትም፤ እርሱንም የመጣበት ዓለም የእኔን በር እንዲያንኳኳ አልፈቀደለትም። ሁለታችንም ደንብ አክባሪዎች ነበርን።

የሄድኩት በጳጉሜን ማለቂያ በጠዋቱ ባቡር ነው። የማኅበሩ ሰዎች መንገደኛ አባላቸውን ጣቢያ ወጥተው የመሸኘት ልማድ ነበራቸው። ስለዚህ እርሱም እንደሚመጣ አልተጠራጠርኩም። ቢመጣ የምለውን አንድ ዐረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ሌሊቱን በጥንቃቄ የገነባሁት ነው፤ አሁንም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም።

ጎህ ሳይቀድ ከላይ በኩል ከባድ ዝናብ ጥሎ ደቻቱ ሞላ። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ የሆነው ወንዝ ቀይ ውሃ፣ የዛፍ ግንድና የሰው ዕቃ ይዞ ወረደ። ጣቢያው በከዚራ በኩል ነው፤ መጋላ በማዶ። ያን ጠዋት ከመጋላ የተሻገረ ሰው አልነበረም። ግራዝማች መጡ። ሙሴ ኒኮ አንድ ቅርጫት ብስኩት ይዞ መጣና «ለአምስት ቀን ይበቃሻል፣ ማለት ለወር» ብሎ ቀለደ። ማዳም አራክሲ ሳመችኝ። እኔ በትከሻቸው ላይ ወደ መንገዱ እመለከት ነበር። ባቡሩ በሰዓቱ ተነሣ።

ስለዚህ ወንዙ ባይሞላ ይመጣ እንደነበር የማውቅበት መንገድ የለኝም። በማስረጃ ያልተደገፈ ነገር እንዳልናገር ተምሬአለሁ። ስለዚህ ነገር ማስረጃ የለኝም። ማስረጃ የሌለው ነገር ግን እንደማይሞት የነገረኝ አስተማሪ አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ ማዳም አራክሲ አገር ልትለቅ ስትል አዲስ አበባ ቤቴ መጥታ ተሰናበተችኝ። ስሜ ሰሌዳው ላይ ሳይጻፍ መቅረቱን ነገረችኝ። «አንቺ በሥርዓት የተሰናበትሽ ነሽ» አለች፣ የግራዝማችን ድምፅ እያስመሰለች። አቶ ዩሱፍ ማኅበሩን ለቆ ወደ ጅቡቲ መሻገሩንም ነገረችኝ። ደንቡን ግን ሙሴ ኒኮ ወዲያው አሻሻለው፤ አሁን «ሠላሳ ቀን» ይላል። ስለዚያ ጠዋትም አወራች። የመጋላ ሰው እኩሌታው ወንዙ ዳር ወጥቶ ውሃው እስኪጎድል ቆሞ እንደነበር ተናገረች። ከቆሙት መካከል እነማን እንደነበሩ አልጠየቅኋትም። እርሷም ሻንጣዋን አነሣች።

በደንቡ መሠረት እንግዲህ ተሰናብቻለሁ። በእውነቱ ግን ከዚያች ከተማ ማንንም ሳልሰናበት ነው የወጣሁት። ያንን ርእስ የሰጠው ሰው ይህን ቢያውቅ ስሜን በትልቁ በጻፈው ነበር፤ ያለ «ቱ»።

አሁን የምሠራበት መሥሪያ ቤት ሁሉም ሰው «እርስዎ» ይለኛል። የበላዮቼም፣ የበታቾቼም፣ ሊያታልለኝ የሚመጣውም። ወገቤ ደህና ነው።

ጳጉሜን ስትገባ ግን አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ወደ ለገሃር እወርዳለሁ። ከድሬ በባቡር የመጡ ሴቶች ከጣቢያው አጠገብ ፍራፍሬ ዘርግተው ይሸጣሉ። ከዘይቱኑ አጠገብ እቆማለሁ። ሽታው ያው ነው። ስለምቆይ ሴቶቹ ይሰለቹኛል። አምና አንዷ፣ ስስ የሽቲ ቀሚሷን ወደ ትከሻዋ እየመለሰች፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ጮኸችብኝ፦

«አቦ፣ ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ወሬ ነው የምትፈልጊው ወይስ ዘይቱን?»

አላረምኳትም። «ዘይቱን» አልኳት።